ከላሊበላ ገና ወደ ጎንደር ጥምቀት፦ ለእንግዳው የምንነግረው ሰዓት

የተከበራችሁ አስጎብኚዎች፣ የሆቴልና የትራንስፖርት ባለሙያዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

የበዓሉ ሰሞን እየደረሰ ነው። ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ላይ ገና፣ ጥር 11 ጎንደር ላይ ጥምቀት። መሃሉ 12 ቀን ነው። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጣው ወገናችን ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ማየት ይፈልጋል። ቤተ ማርያም ቆሞ "ቤዛ ኩሉ"ን ሰምቶ፣ ከዚያ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር መድረስ ያምረዋል። ስልክ ደውሎ መጀመሪያ የሚጠይቀንም "ከላሊበላ ጎንደር ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ነው።

እኛም "ቅርብ ነው፣ የግማሽ ሰዓት በረራ ነው" እንለዋለን። ይህ መልስ ሰው ያንገላታል፤ ዘንድሮ እንድንተወው ልለምናችሁ ነው የመጣሁት።

በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል በቀጥታ መስመር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ይህ የ18 ደቂቃ መንገድ ነው። ግን አውሮፕላን ገና ሲነሳ ሙሉ ፍጥነቱን አያገኝም። ይንደረደራል፣ ከፍታ ይይዛል፣ ሊያርፍ ሲል ፍጥነት ይቀንሳል፣ ዞሮ ከማኮብኮቢያው ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ በአጭር መስመር ላይ ኪሎ ሜትር ለፍጥነት አካፍሎ ሰዓት መናገር አያዋጣም።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን እንግዳው በአዲስ አበባ ነው የሚዞረው። ከላሊበላ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር ደግሞ 420 ገደማ። ሲደመር 750! በመሃል የሚቀጥለውን በረራ መጠበቅ አለ። ግማሽ ሰዓት የተባለው ጉዞ ቀኑን ይበላዋል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህን ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ምግባቸውን፣ መድኃኒታቸውን፣ ማረፊያቸውን ያሰናዳላቸዋል።

በመኪና የሚሉም አሉ። በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርጎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛው ዳገትና ቁልቁለት ነው። የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ሳታጣሩ ማንንም አትላኩ።

ከማረፊያው ውጭ ያለውንም አንርሳ። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከታች ሜዳው ላይ ነው፣ ከተማው ግን ተራራው ላይ። የጎንደሩም ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ አዘዞ ነው። በበዓል ሰሞን ደግሞ መኪና እንደልብ አይገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቲኬት ላይ 8:30 ሲል በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። በተለይ አገር ቤት ያለው ቤተሰብ ተቀብሎ የሚሸኝ ከሆነ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉላቸው። ከበረራ መቅረት የሚመጣው ከዚህም ነው።

እና ዘንድሮ ስልኩ ሲደወል እንዲህ እንመልስ፦ ከሆቴል የሚወጡበት ሰዓት ይህ ነው፣ ጎንደር ሆቴልዎ የሚገቡበት ሰዓት ይህ ነው፣ በረራው ቀጥታ ነው ወይም በአዲስ አበባ ነው። የበረራ ፕሮግራም ስለሚለዋወጥ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ደግማችሁ አረጋግጡና ለእንግዳው ደውሉለት።

አመሰግናለሁ።