የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ተማሪና የሚኒሶታ ብርድ

በዚህ ሳምንት የደወሉት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚማሩ ወጣቶች ናቸው። የሚመልሱት የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ ከዶርም እስከ ክፍል 20 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። ጃኬት ብቻ ይበቃኛል?

አይበቃሽም። ስልክሽ ላይ ዲግሪውን ብቻ ሳይሆን ነፋሱንም እዪ። 0 ፋራናይት ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 15 ማይል ከሆነ ሰውነትሽ የሚሰማው ከዜሮ በታች 19 ነው። ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ይመታል፤ ቀድመው የሚጎዱት ጆሮ፣ አፍንጫና ጣት ናቸው። ከውስጥ ጥጥ አትልበሺ፣ ላብ ይዞ ያቀዘቅዝሻል። ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ መሃል ላይ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጣቴ ነጥቶ ሲደነዝዝ ጓደኞቼ "በበረዶ እሸው" ይሉኛል።

አትሸው! የቀዘቀዘ ሥጋ ሲታሽ ይጎዳል። ቤት ገብተህ 100 ፋራናይት ገደማ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ንከረው፤ ውሃውን በክርንህ ለካው። ደም ሲመለስ ያምሃል፣ ታገሥ። እሳት ወይም ሂተር ላይ አታሙቀው፤ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አያውቅም። ውሃ ከቋጠረ፣ ከጠቆረ ወይም ድንዛዜው ካልለቀቀው ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ጥያቄ፦ የተከራየነው ቤዝመንት ሂተሩ ሲበላሽ ከሰል ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲያልቅ ፍሙን አስገብተን እንተኛለን። መስኮት ትንሽ እንከፍታለን። ችግር አለው?

ልጆቼ፣ ዛሬውኑ ተዉት። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። የቀላው ፍም ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ደም ላይ ይጣበቃል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝና የጉልበት መክዳት ይመጣል። ጉንፋን ይመስላል፣ ትኩሳት ግን የለውም፤ ውጭ ስትወጡ ደግሞ ቀለል ይላችኋል። የተኛ ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ ይሞታል። በትንሹ የተከፈተ መስኮት አያድናችሁም። የጋዝ ኦቨን ከፍቶ ቤት ማሞቅም ያው ነው።

በሚኒሶታ ሕግ የጋዙ ማስጠንቀቂያ ደወል ከመኝታ ክፍል በ10 ጫማ ውስጥ መኖር አለበት። ጮኸ ብላችሁ ባትሪውን አታውጡ፤ ሁላችሁም ውጡና ከውጭ ሆናችሁ 911 ደውሉ። ስለ ሂተሩ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ። ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቤቱን ቢያንስ 68 ፋራናይት ማድረስ ግዴታው ነው። አከራዩ እምቢ ካለ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የከተማው አገልግሎት ስልክ 311 አለ። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት፤ ጀበናው አይቀየማችሁም።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ሂተርስ?

በኤክስቴንሽን ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሰካ። ከአልጋና ከመጋረጃ 3 ጫማ ይራቅ። ስትተኙ አጥፉት።

ጥያቄ፦ አንድ ሁለት መለኪያ አያሞቅም?

አያሞቅም። መጠጥ የቆዳን ደም ሥር ይከፍታል፤ ፊታችሁ ሲግል ሙቀታችሁ እየወጣ ነው። የሰከረ ጓደኛችሁን ብቻውን በእግሩ አትልቀቁት።

ጥያቄ፦ መኪና በረዶ ውስጥ ቢቀረቀርብን?

ከመኪናው አትራቁ። ሞተሩን በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሡ፤ በፊት ግን የጭስ ማውጫውን ከበረዶ አጽዱ። ከተደፈነ ያ የከሰሉ ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል። አዎ፣ አሁንም እሱኑ ነው የምላችሁ።

ጥያቄ፦ ጣቶቼ ፍሪጅ ስከፍት እንኳ ነጥተው ከዚያ ሰማያዊ ይሆናሉ።

ይህን በስልክ አልፈርድም። የኮሌጅሽ ክሊኒክ ቀጠሮ ያዢ፤ ሲነጡ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ለሐኪሙ አሳዪው።