ቅቤው፣ ከመነዳሪውና የሌሊቱ መቀባዠር፦ ስለ አስታማሚዎች ሥራ የቀረቡ የጅማ አድማጮች ጥያቄዎች

የዛሬው ዝግጅታችን ከመድኃኒት ጎን ለጎን በእጅ፣ በቃልና በትዕግሥት ስለሚሰጠው እንክብካቤ ነው። ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ በስልክ የደረሱንን ጥያቄዎች በሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ነርስ መልሰውልናል። የጠያቂዎቻችንን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ (ከአጋሮ)፦ አባቴ ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፤ ቤት ውስጥ ነው የማስታምማቸው። ከወገባቸው በታች መቅላት ጀምሯል። ቅቤ እያሞቅሁ አሸዋለሁ። ጎረቤታችን ደግሞ የመኪና ከመነዳሪ ነፍተሽ አስቀምጪበት ብላኛለች። ትክክል ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትዎን ቤት ይዘው ማስታመምዎ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማሸቱን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። የቀላው ቦታ ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ደም እንዳጠረው ያመለክታል። የተዳከመ ሥጋ ሲታሽ ይበልጥ ይጎዳል። ከመነዳሪውም አይበጅም፤ ቀዳዳው ላይ ያረፈው ቆዳ ዙሪያውን ስለሚጨመቅ የሚደርሰው ደም ጭራሽ ይቀንሳል። አንዳንዶች ጓንት ውኃ ሞልተው ተረከዝ ሥር ያደርጋሉ፤ እሱም አይመከርም።

የአልጋ ቁስልን የሚያመጣው አንድ ቦታ ላይ የሚቆይ ክብደት ነው፤ መከላከያውም ያንን ክብደት ማንሳት ነው። ቀንም ሌሊትም በየ2 ሰዓቱ ያዙሯቸው፤ ቤተሰብ ተራ ይግባ፣ ሌሊቱ በአንድ ሰው ላይ አይውደቅ። ሲያዞሯቸው በዳሌ አጥንታቸው ላይ ሙሉ በሙሉ በጎን አይተኙ። ከጀርባቸው ትራስ ወይም የተጠቀለለ ቡልኮ ያስገቡና ሰውነታቸው 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘንብል። ሌላ ትራስ በጉልበቶቻቸው መካከል፣ ሌላም ከባታቸው ሥር ያድርጉ፤ ተረከዛቸው ፍራሹን ሳይነካ ይቅር። የዛለው እጃቸውም ተንጠልጥሎ እንዳይውል ይደገፍ።

አነሳሱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በብብት ይዞ መጎተት የዛለውን ትከሻ ከመገጣጠሚያው ሊያንሸራትት ይችላል፤ ቆዳቸውም ከአንሶላው ጋር እየተፋጨ ይጎዳል። ጋቢ አጥፈው ከትከሻቸው እስከ ዳሌያቸው ድረስ ከሥራቸው ያንጥፉ። ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ቆሞ የጋቢውን ጠርዝ ወደ ሰውነታቸው አስጠግቶ ይጠቅልል፣ ለአባትዎ «አሁን ልናነሳዎት ነው» ብሎ ይንገራቸው፣ ከዚያ እኩል ከፍ አድርጎ ያንቀሳቅሳቸው። ሲጨርሱ ጋቢው እንዳይጨማደድ ይዘርጉት፤ እርጥበት ካለውም ይቀይሩት።

መቅላቱን በጣት ተጭነው ይልቀቁት። ነጣ ብሎ ወደ ቀድሞ ቀለሙ ከተመለሰ ደም እየደረሰው ነው፤ ሳይነጣ እንደቀላ ከቀረ የመጀመሪያ ደረጃ የአልጋ ቁስል ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ይህ ለዓይን ላይታይ ይችላል፤ ብዙ ሕሙማን ሳይታወቅላቸው የሚጎዱትም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ይዳስሱት። ከአካባቢው ቆዳ ይልቅ ከሞቀ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከጠጠረ ወይም ከላላ፣ ወይም ሲነካ ካመማቸው፣ እዚያ ላይ ጨርሶ እንዳይተኙ። ቆዳው ከተከፈተ ወይም ከሸተተ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው።

ሐኪማቸው መቀመጥ ከፈቀደላቸው ደግሞ ቀን ላይ ያስቀምጧቸው። የጅማ በርጩማ ያማረ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ለአባትዎ ግን መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ይፈልጉላቸው። ሲበሉና ሲጠጡ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ትን የሚላቸው ከሆነ አፋቸው ላይ ሌላ ነገር ከመጨመርዎ በፊት ባለሙያ ይያቸው።

ጥያቄ (ከሰቃ ጨቆርሳ)፦ ወንድሜ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወስዳል። አሁን ደህና ስለሆነ ቤተሰቡ ዱዓ ይበቃዋል፣ መድኃኒቱን ይተው እያለ ነው።

መልስ፦ አይተው። ዱዓውም ሆነ ጸበሉ የሚያጽናናው ከሆነ ይቀጥል፤ መድኃኒቱም ይቀጥል። ደህና የሆነው መድኃኒቱን እየወሰደ ነው፤ በድንገት ቢያቆም ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። መቀነስም ሆነ ማቆም ካስፈለገ የሚከታተለው ሐኪም ይወስን። ከመድኃኒት ውጭ ስለሚደረግ እንክብካቤ ስንነጋገር መድኃኒት የሚያስጥል ነገር ማለታችን አይደለም።

ጥያቄ (ከመንቲና)፦ እናቴ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሆስፒታል ተኝታለች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሌሊት ትቀባዥራለች፣ የሌለ ሰው ትጠራለች፣ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» እያለች ትነሳለች። ቀን ይሻላታል። አበደች ወይ? የሚያስተኛት መርፌ ይሰጣት?

መልስ፦ አላበዱም ወንድሜ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ በድንገት እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይብስባቸዋል። መጀመሪያ ለነርሷና ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከኋላው ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት፣ የሽንት መቋጠር፣ ያልታከመ ሕመም ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ሊኖር ስለሚችል መንስኤው መፈለግ አለበት። መርፌውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ ግን ቀላል አይደለም።

መነጽራቸውን ከቤት ያምጡላቸው። ቀን መስኮቱ ይከፈት፣ ብርሃን ይግባ፤ ሰዓት የሚያዩበት ቦታ ይኑር። ሐኪሙ ካልከለከለ ውኃ ቶሎ ቶሎ ያቅምሷቸው። በልጅነታቸው አፋን ኦሮሞ ይናገሩ ከነበረ በዚያው ያናግሯቸው፤ ግራ በተጋባ ሰው ጆሮ የልጅነት ቋንቋ ይቀርባል። የሌለ ሰው ሲጠሩ «የለም፣ ሞቷል» ብለው አይከራከሯቸው። «እኔ ልጅዎ ነኝ፣ ሆስፒታል ነን፣ እግርዎ እየዳነ ነው» ይበሏቸው፣ እጃቸውን ይያዙ። ታሥረው እንዲያድሩ አይፍቀዱ፤ ማሠር ፍርሃቱን ያባብሰዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጠያቂን መገደብ ነው። ሕሙምን መጠየቅ ደግ ባህላችን ነው፤ አሥር ሰው በአንድ ጊዜ አልጋ ሲከብ ግን ግራ የተጋባ አእምሮ ይበልጥ ይዋከባል። አንድ ወይም ሁለት የሚያውቁት ሰው ብቻ በተራ ይቀመጥ። ቡናውም በጊዜ ይሁን፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና እስከ ሌሊት ድረስ ከደማቸው ሙሉ በሙሉ ላይወጣና እንቅልፋቸውን ሊነሳቸው ይችላል።

በአሜሪካ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 852 ሕሙማን የተካተቱበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የታተመ ጥናት እንዲህ ያለውን እንክብካቤ ከተለመደው ጋር አነጻጽሯል። በተለመደው እንክብካቤ 15 በመቶ ያህሉ ይህ መቀባዠር ሲይዛቸው፣ መነጽር፣ ውኃ፣ እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴና ጭውውት ታስቦ የተሰጣቸው ላይ ወደ 9.9 በመቶ ወርዷል። አብዛኛው ነገር አስታማሚ ሊያደርገው የሚችል ነው።

ጥያቄ (ከጅማ፣ ወጣት ነርስ)፦ ትምህርት ቤት ያስተማሩንን ማጽናናት፣ ማነጋገር፣ መተንፈስ ማለማመድ ለመሥራት ጊዜ የለኝም። ሕሙማኑ ብዙ ናቸው፤ ተረኛዋ እኔ ብቻ የምሆንበት ሌሊትም አለ።

መልስ፦ ልጄ፣ ድካምሽን አውቀዋለሁ። የሰው እጥረቱ በአንቺ ደግነት አይሞላም፤ ለኃላፊዎችሽ በጽሑፍ ማሳወቁን አትተዪ። ከዚያ ሌላ ተጨማሪ ሰዓት አትፈልጊለት፣ ከምትሠሪው ሥራ ጋር አዋህጂው። መርፌ ከመውጋትሽ በፊት ስምሽንና የምታደርጊውን ንገሪ። የደም ግፊት ስትለኪ ዓይኑን እያየሽ እንዴት እንዳደረ ጠይቂው። ለአስታማሚው አስተምሪው፤ አንዴ በትክክል ያሳየሽው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ያግዝሻል።

አልጋ መምረጥ ሲቻል ሕሙሙን ወደ መስኮት አዙሪው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ 46 ሕሙማን መካከል ዛፍ የሚያዩት፣ ግንብ ብቻ ከሚያዩት ይልቅ ቀድመው ከሆስፒታል እንደወጡና ጠንካራ ማስታገሻም በትንሹ እንደወሰዱ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ጅማ ላይ ግን ከመስኮት ውጭ አረንጓዴ አይጠፋም፣ አልጋ ማዞርም ገንዘብ አይጠይቅም።

መተንፈሱንም ቁስል በምታጥቢበት ሰዓት አድርጊው። ሕሙሙ እጁን ሆዱ ላይ ያኑር፤ እስከ 4 እየቆጠርሽ በአፍንጫው ይሳብ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብሎ ያስወጣ። ካዞረው እንደ ወትሮው ይተንፍስ። ፋሻውን የምትፈቺው ትንፋሹን ሲያስወጣ ይሁን፤ «ቁሚ» ሲልሽ የምትቆሚበትን ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙ። የታዘዘለት ማስታገሻ ካለ ደግሞ እስኪሠራ ጊዜ እንዲያገኝ አስቀድመሽ ስጪው፤ ከዚያ በኋላ እጅሽን ታጠቢና ጀምሪ።