ጅቡ ሳይሆን ጥንብ አንሳዋ

[ምሽት፤ ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ። ጅብ መጋቢው በእንጨት ሥጋ ያጎርሳል።]

ሐረር የመጣ እንግዳ ጅቡን አይቶ ሲያበቃ «ሊጠፋ ነው እንዴ?» ይላል። የለም። ጅባችን ዝርያዎች ለመጥፋት ምን ያህል እንደተቃረቡ በሚመዝነው በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ «ብዙም የማያሰጋ» ከሚባሉት ነው።

[ጠዋት፤ ቄራ። ጣሪያ ላይ የተኮለኮሉ ጥንብ አንሳዎች።]

አሁን ወደ ጣሪያው ቀና በሉ። ያቺ ፊቷ ቀላ ያለው፣ ምንቃሯ የቀጠነው ትንሿ ጥንብ አንሳ፣ ልጆች ድንጋይ የሚወረውሩባት፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ «በእጅጉ ለመጥፋት የተቃረበች» ናት። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ከዱር መጥፋት ነው።

በየቀኑ እያየናት? አዎ። መዝገቡ ስንት እንደቀሩ ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነት እንደሚያንሱ ይጠይቃል። በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ (የሚረዝመው ይወሰዳል) 80 በመቶ ያለቀና የሚያልቅበት ምክንያት ያልቆመ ዝርያ እዚህ ደረጃ ይገባል። 50 በመቶ ከሆነ «ለመጥፋት የተቃረበ»፣ 30 ከሆነ «ተጋላጭ» ይባላል። ቁጥር ብቻውን የሚበቃበትም ጊዜ አለ፤ ለመራባት የደረሱት ከ50 ካነሱ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም።

ጥንብ አንሳዋ በአንድ የመራቢያ ወቅት የምትጥለው አንድ እንቁላል ነው። ሰው ከብቱን ለበላበት አውሬ ብሎ ሥጋ ላይ መርዝ ሲነሰንስ፣ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። አንድ የተመረዘ ሬሳ መንጋውን በሙሉ ይጨርሳል፤ በአንድ እንቁላል ደግሞ ያን መተካት አይቻልም።

[ካርታ፤ ከሐረር ወደ ባቢሌ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ።]

የዓለም መዝገብ ሌላ፣ የአገር መዝገብ ሌላ። የእኛው ዓይነት ጅብ በደቡብ አፍሪካ የእ.ኤ.አ. 2016 መዝገብ «ወደ ስጋት የተጠጋ» ነው። ዝሆን ደግሞ ግልባጩ፦ እዚያ «ብዙም የማያሰጋ» ተብሏል፤ የሣር ምድሩ ዝሆን በዓለም መዝገብ ግን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ «ለመጥፋት የተቃረበ» ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የቆጠሩት ድንበር ነው የተለያየው።

ደረጃው በራሱ ሕግ አይደለም። ሕግ የሚያደርገው አገር ነው፤ አሜሪካ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1973 ሕጓ የምታውቀው ሁለት ደረጃ ብቻ ሲሆን፣ እዚያ ውስጥ የገባን እንስሳ መግደል በአብዛኛው ያስከስሳል።

[የባቢሌ ቁጥቋጦ፤ የዝሆን ዱካ።]

የባቢሌ ዝሆኖች ከሌላው የአፍሪካ መንጋ ተነጥለው ነው የሚኖሩት። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሟል። ደቡብ አፍሪካ ስንት ዝሆን ቢኖራት፣ እዚህ ለሞተው ምትክ ሆኖ በእግሩ የሚመጣ የለም።