ዘጋቢው ከማን መርከብ ላይ ነበር?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ ዛሬም ከጅማ ነኝ። እዚህ ሒርማታ ገበያ ዙሪያ ባሉ ቡና ቤቶች ስለ ሩቅ አገር ጦርነት ክርክር ሲነሣ «ጋዜጣው ይዋሻል» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔን ከውሸቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዘጋቢው የቆመበት ቦታ ነው።

የፎክላንድን ጦርነት ልውሰድ። አርጀንቲና ማልቪናስ የምትላቸውን፣ በብሪታኒያ የሚተዳደሩ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ1982 በኃይል ያዘች፤ ብሪታኒያም መርከቦቿን አዘመተች። ሜይ 2 ቀን የብሪታኒያ ሰርጓጅ መርከብ፣ ጄኔራል ቤልግራኖ የተባለውን የአርጀንቲና የጦር መርከብ አሰጠመ። 323 ሰዎች አለቁ፤ በግዳጅ የተመለመሉ ለጋ ወጣቶችም ነበሩባቸው። ዘ ሰን የተባለው የለንደን ጋዜጣ በመጀመሪያ እትሙ የፊት ገጹን በአንድ ግዙፍ ቃል ሞላው፤ አዳኝ ወጥመዱ ሲይዝለት የሚጮኸው ዓይነት የደስታ ቃል። የሟቹ ብዛት ሲያስፈራ በኋለኞቹ እትሞች ርዕሱ ተቀየረ፤ 1,200 ሰዎች ሰምጠው ይሆን ብሎ ጠየቀ፣ ያውም ሕዝቡን በማንቋሸሻ ስም እየጠራ። በብሔራዊ ውትድርና ልጁን ልኮ ወሬ ያጣ ወላጅ በእኛም አገር ነበርና ያ ገጽ ዛሬም ያመኛል።

ከመርከቦቹ ጋር የተጓዙት ዘጋቢዎች ሁሉም ብሪታኒያውያን ነበሩ። ጽሑፋቸው በሳንሱር አልፎ በባሕር ኃይሉ መገናኛ ይላካል። ከወታደሩ ጋር ይበላሉ፣ ወታደሩ የሚፈራውን ሚሳኤል ይፈራሉ። እንዲህ ያለ ሰው አንዲት ሐሰት ሳይጽፍ ግማሹን ጦርነት ሊያስቀርብን ይችላል። በአርጀንቲና በኩልም በወታደራዊው መንግሥት (ጁንታ) ሥር የነበረው አንባቢ በሜይ መጨረሻ «ማሸነፋችንን ቀጥለናል» የሚል የመጽሔት ሽፋን ይዞ ነበር፤ ጁን 14 ቀን በደሴቶቹ ላይ ያለው ጦር እጁን ሰጠ። ስለ ጦርነቱ ጥያቄ ያነሡት የብሪታኒያ ጋዜጦች ዴይሊ ሚረርና ጋርዲያን ግን በዘ ሰን ከሃዲ ተብለው ተወረፉ። እኔ ባርኔጣዬን የማነሣው ለእነርሱ ነው።

የእኛ ጋዜጦች የሩቅ ጦርነትን ዜና አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የዜና ወኪሎች ተርጉመው ያቀርባሉ። ያ የመርከብ ላይ ዓይን ከነአድልዎው አማርኛ ለብሶ ጅማ ይደርሳል ማለት ነው። አዘጋጆቻችንን የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም፦ ዘጋቢው የት ሆኖ እንደጻፈ፣ ዜናውን ማን እንደፈቀደለት፣ የትኛውን ወገን ማነጋገር እንዳልቻለ በሁለት መስመር ከዘገባው ግርጌ ይጻፍልን።