ልጁን ስትወስዱት ሀይቁንም ውሰዱ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ያለሁት ባህር ዳር ነው፣ ከኋላ የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ መስኮቱን ከፍቼው ነው፣ የዚህን ከተማ ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ፣ እሱን ላውራችሁ። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ሲሰሩ የነበሩ ልጆች አሁን አሁን ቴሌቪዥን እየገቡ ነው፣ እሰየው፣ ለፍተዋል ይገባቸዋል፣ ግን ከገቡ በኋላ ምን እንደሚሆኑ ሳይ ውስጤ ይቃጠላል።

አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ የጣቢያውንም አልጠራም። የጣና ዳር ልጅ ነው፣ እዚሁ ያደገ። ዩቲዩብ ላይ ሲሰራ በስልኩ ነበር የሚቀርፀው፣ ጠዋት ማልዶ አሳ አጥማጆቹ ሲመለሱ ይወርዳል፣ ቀረሶውና አምባዛው ሲራገፍ፣ ሴቶቹ ዋጋ ሲከራከሩ፣ ምንም ሳያሳምር ይይዘዋል። አንድ ቪዲዮው ላይ አንድ አባት ታንኳ ሲሰሩ አለ፣ ከፈለጋችሁ አስር ጊዜ እዩት አይሰለችም፤ ደንገሉን በጉልበታቸው ተጭነው፣ የገመዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው እየጎተቱ፣ አፋቸው ተይዞ እንኳን ወሬያቸውን አያቋርጡም! ታንኳዋ ውሃ እየጠጣች ስለምትከብድ ከስራ መልስ ዳር ወጥታ ፀሀይ መሞቅ አለባት፣ ያም ሆኖ ብዙ አትቆይም፣ በየጊዜው አዲስ መስራት ነው፣ ይሄን ሁሉ የሚያስረዱት ሳይጠየቁ ነው። ልጁ ድምፁ እንኳን አይሰማም። አንዴ ብቻ "አባባ ልያዝልዎት?" ይላል፣ "ተወው ልጄ አንተ ያንን ያዝ" ይሉታል፣ ስልኩን ማለታቸው ነው።

ከዛ አንድ ጣቢያ ጠራው። ፕሮግራም ሰጡት፣ ስቱዲዮው አዲስ አበባ ነው፣ ሶፋ አለ፣ ከኋላ ትልቅ ስክሪን ላይ የጣና ፎቶ አለ። እኚያኑ አባት በአውሮፕላን ወስደው ሶፋው ላይ አስቀመጧቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ትንሿ ማይክ ጋቢያቸው ላይ ተሰክታ፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ "አዎ ልጄ"፣ "ደህና ነው ልጄ"፣ በቃ ይሄው ነው። እጃቸው ስራ ሲፈታ አፋቸውም አብሮ ፈታ። ልጁ ደግሞ ጥያቄ የተፃፈበት ካርድ ይዟል፣ ጥያቄውን እሱ አልፃፈውም፣ አነጋገሩንም የጎጃም ለዛው እንዳይሰማ አስተካክለውለታል፣ እናቱ ቤት ሆነው ሲያዩት "ምን ሆኖብኝ ነው እንዲህ የሚያወራው" አሉ። እኔ እናቱ አጠገብ ነበርኩ፣ የምመልሰው አጣሁ።

ይሄ የኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ ደሞ። ሊሊ ሲንግን የምታውቋት ትኖራላችሁ፣ ካናዳዊት ናት፣ ቤተሰቦቿ ከህንድ፣ በፈረንጆቹ 2010 ዩቲዩብ ጀምራ በሚሊዮን የሚቆጠር ተከታይ ያፈራች። በ2019 መስከረም ላይ ኤንቢሲ የሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ የሌሊት ሾው ሰጣት፣ ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ35 ነው እንግዲህ፣ ስቱዲዮ ውስጥ እንደማንኛውም የሌሊት ሾው አድርገው ጀመሩት፣ ሁለተኛው ሲዝን ላይ ስቱዲዮውን ትተው ቤት ውስጥ መቅረፅ ጀመሩ፣ 2021 ላይ አበቃ። ያቺ ልጅ ሰው የወደዳት ክፍሏ ውስጥ ሆና እናትና አባቷን ሆና ስትጫወት ነው። ወደ ቤት የመለሷት ከረፈደ ነው፣ በኔ እይታ።

ሚስተር ቢስት የሚባለውን አሜሪካዊ ዩቲዩበር ደግሞ እዩት። አማዞን በ2024 ታህሳስ ላይ ያወጣለት ውድድር 1,000 ሰው፣ 5 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ተብሎ የተነሳ ነው፣ ወደዳችሁትም ጠላችሁትም ዩቲዩብ ላይ የሚያደርገውን ነው አግዝፎ ያደረገው፣ አማዞን እንደ ኤንቢሲ የቴሌቪዥን ጣቢያ ባይሆንም ልጁ ግን አሰራሩን ይዞ ነው የገባው። የፊልም ሽልማቱ ኦስካር እራሱ ስንት ዘመን ኤቢሲ የሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ ላይ ኖሮ በፈረንጆቹ ከ2029 ጀምሮ ወደ ዩቲዩብ ሊሄድ ነው። ስለዚህ ማን ወደ ማን እየመጣ እንደሆነ ጣቢያዎቹም ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

እኛ ጋር የሚብሰው ግን ምን መሰላችሁ፣ የአየር ሰዓቱ ነገር ነው። ብዙ ሰው ልጁ ቴሌቪዥን ሲገባ ደሞዝ የሚከፈለው ይመስለዋል። ብዙ የግል ጣቢያ ላይ የምታዩት ፕሮግራም ግን አዘጋጁ የአየር ሰዓት ገዝቶ፣ ስፖንሰር ራሱ ፈልጎ፣ ቀርፆ ኤዲት አድርጎ የሚያስገባው ነው፣ ስፖንሰሩ ከቀረ ፕሮግራሙም ቀረ። ስፖንሰር ደሞ ሶፋ ይወዳል፣ እቃው ጠረጴዛው ላይ እንዲታይለት ይፈልጋል፣ ታንኳ ላይ የት ያስቀምጠዋል? እና ልጁ ዩቲዩብ ላይ ሰው ስንተኛው ደቂቃ ላይ ጥሎት እንደሚወጣ በግራፍ እያየ ራሱን ያርም የነበረ ልጅ፣ አሁን የሚያርመው ስፖንሰሩ ነው።

ታዲያ ለምን ይሄዳሉ ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ምክንያት አላቸው! ስልክ ይዘህ መንገድ ላይ ስትቀርፅ "ፈቃድ አለህ? ደብዳቤህ የታል?" ነው፣ የጣቢያ አርማ ያለበት ማይክ ስትይዝ ያው ሰውዬ ወንበር ያቀርብልሃል፣ ያንን ማንም የሰራ ሰው ያውቀዋል። ደሞ ባህር ዳር ላይ ሆነህ ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥብን፣ ለወራት ነው የቆየው፣ ዩቲዩበር የተባለ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ ዲሽና ሬዲዮ ያለው ቤት ግን ሲያይ ሲሰማ ከረመ። ያኔ እዚህ ልጅ ቤት ስሄድ የተቀረፀ ስራ ስልኩ ውስጥ ሞልቶ የሚጭንበት የለውም፣ ቁጭ ብለን እኔና እሱ እናየው ነበር። ቴሌቪዥን ልግባ ያለው ያን ጊዜ ነው፣ እና ማንም ሊፈርድበት አይችልም። በዛ ላይ ጣቢያ ውስጥ "ይሄን ከየት አገኘኸው፣ ሌላውስ ወገን ምን አለ?" ብሎ የሚጠይቅ ኤዲተር አለ፣ መኖር አለበት ቢያንስ፣ ብቻውን ለሚሰራ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አጣርቶ መልቀቅን የሚያስተምርህ ሰው ማግኘት ማለት ነው።

ስለዚህ አትግቡ አይደለም የምለው። ጣቢያዎቹን ነው የምለምነው። ልጁን የፈለጋችሁት ተመልካች ስላለው ነው አይደል? ተመልካቹ የመጣው ለመልኩ አይደለም፣ ዝም ብሎ መያዝ ስለሚችል ነው፣ ሰውን በስራው ላይ እያለ ስለሚያገኘው ነው። ሶፋ ላይ ጠያቂ የሚሆንማ ስንት ሰልጣኝ አለላችሁ!

አሁን ሁለተኛ ሲዝን እየተነጋገሩ ነው። ልጁ ያስገባውን ፕሮፖዛል አሳይቶኛል፣ ቀረፃው እዚህ እንዲሆን፣ ቢያንስ ሩቡን ሰዓት ሳይቆራረጥ እንዲተላለፍ፣ በራሱ አነጋገር እንዲያወራ፣ ከሁሉ ከሁሉ ደስ ያለኝ፣ የሚቀረፁት ሰዎች ስራ ለፈቱበት ቀን እንዲከፈላቸው ፅፏል፣ አሳ አጥማጅ አንድ ጠዋት ከቀረ የዛን ቀን ገቢው ቀረ ማለት ነው። "እናየዋለን" ብለውታል። ከጣቢያው የምትሰሙኝ ካላችሁ እባካችሁ እሺ በሉት። ካሜራማናችሁ ማታውን መጥቶ ይደር፣ ታንኳዎቹ የሚገቡት በማለዳ ነው፣ ትራይፖዱንም አዲስ አበባ ይተወው፣ ታንኳ ላይ አይቆምለትም።