አጎቴና ጠመኔው

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ከደሴ ነኝ። የጦሳ ጉም መስኮቴ ድረስ ወርዷል። ከኋላ የሚሰማችሁ ባጃጅ ነው፣ ቻሉኝ።

ስለ አጎቴ ላውራችሁ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ኮት ላይ አቻ የለውም። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እሱ ሱቅ እውል ነበር። ነሐሴ ላይ የዩኒፎርም ሥራ ይጎርፋል። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ቁልፍ ይተክላል፣ ካውያ ያደርጋል። ደንበኛ ሲመጣ ተነስቶ ዋጋ ይከራከራል። ከዚያ ጠመኔ ፍለጋ! ብዙ ጊዜ ጆሮው ላይ ሰክቶት ነው የሚፈልገው።

ፊት ለፊታችን አንዲት ሴትዮ ነበረች። መኪናዋም ጨርቋም እንደኛው ነው። ኮት መቁረጥማ እሱ ጋ አትደርስም። ግን የኛ ሳይተኮስ የሷ ተጣጥፎ ይቆለላል። «ዱአ አስደርጋ ነው» ይባል ነበር። ዱአውን ኋላ አየሁት። ጨርቁን ደራርባ ባንዴ ትቆርጣለች። ቁልፍና ካውያ የአንዲት ተለማማጅ ሥራ ነው። እሷ ከመቀሱ አትነሳም። አጎቴ ግን ያንን የኮት እጁን ቁልፍ ላይ ይጨርሰዋል።

ቻድ ሲቨርሰን የሚባል ኢኮኖሚስት የአሜሪካን ፋብሪካዎች አነጻጽሯል። ዘርፉ አንድ፣ ሠራተኛው፣ ማሽኑና ጥሬ ዕቃው እኩል ሆኖ፣ ከላይኞቹ ተርታ ያለው ከታችኞቹ ካለው እጥፍ ገደማ ያመርታል። ህንድ፣ ሙምባይ አካባቢ ደግሞ ተመራማሪዎች የጨርቅ ፋብሪካዎችን አሠራር ለማስተካከል አማካሪ ላኩ። መጋዘኑ በመልክ በመልኩ ተደረደረ፣ ብልሽት በየቀኑ ተመዘገበ፣ ማሽን ሳይሰበር ተፈተሸ። በመጀመሪያው ዓመት ምርታማነታቸው 17 በመቶ ጨመረ። ይህን ሳነብ የታየኝ የአጎቴ ጠመኔ ነው።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የሰፈራችን ልጅ ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ገብታ ነበር። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ። ፈጣን ሆነች፣ እውነት ነው። ስትወጣ ግን አንድ ሸሚዝ ለብቻዋ መጨረስ አቃታት። የሴትዮዋ ተለማማጅ ሥራ ሲቀዘቅዝ መቀስ ትይዝ ነበር፤ ዛሬ የራሷ ሱቅ አላት።

ባለፈው አጎቴን «ቁልፍ የሚተክል ልጅ ቅጠር እንጂ» አልኩት። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «ቁልፉን ሌላ ሰው ከተከለው ኮቱ የማን ነው?» አለኝ። ከዚያ ጠመኔዬን አይታችኋል ወይ ማለት ጀመረ።