ስንት ብንሸጥ ነው ያሰብነውን የምናተርፈው?

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በየዓመቱ ስንገናኝ "ሽያጭ እንዴት ነው?" እንባባላለን። መልሱ የታወቀ ነው፤ "ተመስገን፣ አይከፋም" ይባልና ይታለፋል። እኔ ዛሬ የምጠይቀው ሌላ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ስንት ማትረፍ ትፈልጋላችሁ? ለዚያስ ስንት ዕቃ መሸጥ አለባችሁ? የመጀመሪያውን ሁላችንም ቶሎ እንመልሳለን። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ግን "እንግዲህ እንደ ገበያው ነው" ብለን እናመልጣለን።

ስሌቱ ከብዶን አይደለም። መጀመሪያ ቋሚ ወጪያችሁን ያዙ። ብትሸጡም ባትሸጡም የምትከፍሉት ማለት ነው፤ ኪራይ፣ የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የብድር ወለድ። የራሳችሁንም ደመወዝ አስገቡ፤ እሱን ትቶ "አተረፍኩ" የሚል ሰው በነጻ ሲሠራ ነው የከረመው። በዚህ ላይ የምትፈልጉትን ትርፍ ደምሩ። ከዚያ ከአንዱ ዕቃ መሸጫ ዋጋ ላይ ለዚያው ዕቃ የወጣውን ቀንሱ፤ ጥሬ ዕቃውን፣ ማሸጊያውን፣ ማጓጓዣውን፣ ኮሚሽኑን። የቀረው ከእያንዳንዱ ዕቃ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ነው። ድምሩን ለእሱ ታካፍላላችሁ። አለቀ።

በቁጥር እንየው። የዓመቱ ቋሚ ወጪ 60,000 ነው እንበል። ዕቃው በ100 ይሸጣል፤ 60 ይወጣበታል፤ 40 ይቀራል። 60,000 ለ40 ሲካፈል 1,500 ይመጣል። እዚህ ላይ አልከሰራችሁም፣ አላተረፋችሁምም። 20,000 ማትረፍ ካማራችሁ ደግሞ 80,000ን ለ40 አካፍሉ፤ 2,000 ዕቃ ነው። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያዎቹ 1,500 ዕቃዎች ወጪ ሲሸፍኑ ነው የሚያልቁት። ትርፍ የምንለው ሁሉ ያለው የመጨረሻዎቹ 500 ላይ ነው። ገበያው ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ትርፋችን ድራሹ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

አሁን ስልክ ይጮኻል። የቆየ ደንበኛ ነው። "10 በመቶ ቀንስልኝ፣ ብዙ እወስዳለሁ" ይላል። ሰውን ማስቀየም ስለማንወድ፣ ደግሞም "10 በመቶ ምን አላት" ስለምንል፣ እሺ እንላለን። ዋጋው 90 ሆነ። ወጪው ግን ያው 60 ነው። 40 የነበረው 30 ሆነ ማለት ነው። 10 በመቶ የቀነስን ይመስለናል እንጂ ከሚቀርልን ላይ ሩቡን ነው ያስረከብነው። ለአንዱ የተደረገ ቅናሽ ደግሞ መሰማቱ አይቀርም፤ ሌላውም ይጠይቃል። ለሁሉም ከሆነ ያንኑ 20,000 ለማትረፍ 2,667 ዕቃ መሸጥ አለብን። በ2,666 ላይ ብናቆም 20 ይጎድለናል፤ ስለዚህ ስታካፍሉ ትርፍራፊ ከመጣ ሁልጊዜ ወደ ላይ አጠጋጉ። ታዲያ ደንበኛው "ብዙ" ያለው ስንት ነው? ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ጠይቁት። ዋጋውን በ10 በመቶ ብንጨምር ኖሮ እኮ 1,600 ይበቃን ነበር። 400 ገዢ ቢሸሸንም ከግባችን አንወርድም። ዋጋ ጨምሩ ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱንም አስልታችሁ ወስኑ ነው የምለው።

20,000ውን ከግብር በኋላ ኪሳችሁ የሚገባ ካላችሁት ስሌቱ ይለወጣል። ግብሩ 30 በመቶ ቢሆን 20,000ን ለ0.70 ታካፍላላችሁ፤ ከ28,571 በላይ ይሆናል። የዕቃው ብዛትም በ100 ዋጋ ወደ 2,215 ይወጣል።

ከአንድ ዓይነት በላይ የምትሸጡ ደግሞ ሻጮቻችሁ የትኛውን እንደሚገፉ ተመልከቱ። አንዱ 40፣ ሌላው 10 ቢያስቀርና እኩል በእኩል ቢሸጡ አማካዩ 25 ነው፤ 3,200 ዕቃ ያስፈልጋል። ለመሸጥ የሚቀለውን፣ 10 የሚያስቀረውን ብቻ እየገፉ ቢሄዱ ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ትርፍ የማይገኘው እንዲህ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ይህ የሒሳብ ባለሙያ ሥራ ነው ትሉ ይሆናል። በዚህ ስሌት ስማቸው ከሚነሡት ሰዎች አንዱ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ራውተንስትራውች ናቸው፤ እሳቸው መሐንዲስ ነበሩ። ነገሩም ወርክሾፑን ይመለከታል። 2,667 ብሎ ወረቀት ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ማሽኑ በዓመት 2,300 ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ግን ሁለተኛ ማሽን ያስፈልጋል። ያኔ ቋሚ ወጪው 60,000 መሆኑ ይቀርና ስሌቱ ከሀ ይጀመራል።

በየወንበሩ ላይ አንድ አንድ ወረቀት ተቀምጧል። አራት ባዶ መስመር ነው ያለው፤ ቋሚ ወጪ፣ የምትፈልጉት ትርፍ፣ የአንዱ መሸጫ ዋጋ፣ የአንዱ ወጪ። ስም አትጻፉበት፤ ማንም አይሰበስበውም። ከሰዓት በኋላ የዋጋ ውይይቱ ሲጀመር ግን ተሞልቶ በእጃችሁ ይሁን፤ ካለዚያ "እንደ ገበያው ነው" ስንባባል ልንውል ነው።

ጉባኤው ተከፍቷል። የዓመቱን ሪፖርት እንዲያቀርቡልን ጸሐፊያችንን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ።